ግድግዳ የሚሰነጥቀው ዋልካ

ወረታም ሆነ ሌላ የዋልካ ከተማ ውስጥ ቤት የሠራ ሰው ይህን ስንጥቅ ያውቀዋል። ከመስኮቱ ማዕዘን ይነሣና የብሎኬቶቹን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ በሰያፍ ይወጣል። መጀመሪያ የሚታማው ግንበኛው ነው፤ ቀጥሎ ሲሚንቶው። አንዳንዴ ሐሜቱ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ያለው ከወለሉ ሥር፣ አፈሩ ውስጥ በሚገባና በሚወጣው ውኃ ላይ ነው።

ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል እየጠረጉ ያመጡት ደለል ለዘመናት ተነጥፎበታል። የደለሉ እናት ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ባዛልት ተዳፋት ላይ ሲበሰብስ ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ይወስደዋል፤ የሚቀረው በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው። ሜዳ ላይ ግን ውኃው መሄጃ ስለሌለው ማዕድኖቹ እዚያው ይቀሩና ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ዓይነት ይፈጠራል። የስሜክታይት ቅንጣት እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ስስ ቅጠሎች አሉት፤ ውኃ በመካከላቸው ሲገባ ይራራቃሉ፣ ሲወጣ ይጠጋጋሉ። የ1 ግራም ንጹሕ ስሜክታይት ቅጠሎች ቢዘረጉ ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናሉ፤ ውኃ የሚይዝበት ገጽ ይህን ያህል ሰፊ ነው።

ስለዚህ ሜዳው በሐምሌና በነሐሴ ያብጣል፤ በጋው ሲገፋ ደግሞ ዱላ የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። የአፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል የሚሉት ይህን የዋልካ አፈር ነው። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል።

ለሩዝ ይህ ጸባይ በረከት ሆኗል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ሙከራ ፎገራን የአገሪቱ የሩዝ ማዕከል አደረጋት፤ ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። የረጠበ ዋልካ ውኃ ስለማያሳልፍ ማሳው ራሱ ገንዳ ይሆናል።

ቤት ግን ገንዳ ላይ መቀመጥ አይወድም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዋልካ የሚከፋው ከባድ ሕንፃ ሲጫነው ይመስለዋል። ያበጠ አፈር ግን ወደ ላይ ይገፋልና ይበልጥ የሚያነሣው ቀላሉን ቤት ነው። ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት ለመነሣት ቀላል፣ ለመሰንጠቅ ደግሞ ግትር ነው። በእንጨት የተማገረ የጭቃ ቤት መሬቱ ሲነሣና ሲወርድ አብሮ ይወዛወዛል፤ የተሰነጠቀውም በጭቃ ይመረጋል። ክረምት ሲገባ መጀመሪያ የሚርሰው የቤቱ ዙሪያ ነው፤ መሐሉ ገና ደረቅ ነው። ግድግዳውን የሚቀድደው ይህ እኩል ያልሆነ እብጠት ነው።

የተለመደው መላ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር መተካት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ሰሌክቱ ውኃ የሚያሳልፍ ከሆነና ዙሪያውን ዋልካ ከከበበው፣ የጣሪያው ውኃ እዚያ ይጠራቀምና መሠረቱን ከሥር ያርሰዋል። በእኔ ግምት ለተጨማሪ ፌሮ ገንዘብ ከማውጣት በፊት አሸንዳ መስቀል፣ ውኃውን ከቤቱ የሚያርቅ ቦይ መቆፈርና በግድግዳው ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ማድረግ ይቀድማል።

ቦታ ሊገዛ የሚያስብ ሰው አፈሩን ራሱ መፈተሽ ይችላል። ጉድጓድ ቆፍሮ ከግርጌው ያወጣውን አፈር አድርቆ፣ ወቅጦና በጠባብ ወንፊት ነፍቶ 10 ሚሊ ሊትር ይስፈር። መስመር ባለው ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ውኃ ሞልቶ ዱቄቱን በቀስታ ይጨምርና እስኪረጋ ይጠብቅ። የረጋው አፈር 15 ካልደረሰ አደጋው ትንሽ ነው፤ 20 ካለፈ ግን መሠረት ከማስቆፈሩ በፊት መሐንዲስ ያማክር።

ሽንት ቤት ላይ ሲደርስ ዋልካ ሁለት መልክ ያሳያል። በጋ ላይ ለፍሳሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃ ቢፈስበት ስንጥቁ ጥርግ አድርጎ ይጠጣዋል፤ ባለቤቱም ቦታው ጥሩ ነው ብሎ ይገነባል። ክረምት ሲመጣ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ጉድጓዱም አንድ ጣሳ አልቀበል ይላል። ስለዚህ ፍተሻው የሚታመነው ጉድጓዱ ቢያንስ አንድ ሌሊት በውኃ ተሞልቶ፣ አፈሩ አብጦ ከጨረሰ በኋላ ሲለካ ነው። የበጋው ስንጥቅ ሌላም መዘዝ አለው፤ ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ሊያደርሰው ይችላል። የተለመደው መመዘኛ ሽንት ቤት ከውኃ ጉድጓድ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ግርጌውም ከከርሰ ምድር ውኃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ነው። ክረምት ላይ ውኃው እስከ ላይ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ማሟላት የሚቻለው ወደታች በመቆፈር አይደለም፤ ጉድጓዱን ከመሬት በላይ በግንብ ከፍ በማድረግና በደረጃ በመውጣት ነው።

ለጓሮ አትክልት ነገሩ ይቀላል። ሽንኩርትና ቲማቲም ከፍ ባለ መደብ ላይ ሆነው በመካከላቸው ቦይ ካለ ሥራቸው አይታፈንም። ፍግና ብስባሽ አፈሩን ያላላዋል። መቆፈሪያውን ቀን ግን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ሲረጥብ ዶማው ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ከቤት አጠገብ መትከል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሥሩ በበጋ አንዱን ጎን መጥጦ ያደርቀዋል፣ አፈሩ ይኮማተራል፣ በዚያ በኩል ያለው የቤቱ ማዕዘንም ይሰምጣል።