በጁባ ሠርግ ሲደገስ፤ ለብዙ ዕድምተኛ የሚበቃ ስፍራ እንዴት ይመረጣል?

«ሠርግና ሞት አንድ ነው» የሚለው የአባቶች አነጋገር፣ በአገር ቤት ለሚኖር ሰው የወጪውንና የግርግሩን መመሳሰል ብቻ የሚያመለክት ሊመስለው ይችላል። በሰው አገር ለሚኖር ግን ቃሉ ከዚህ የጠለቀ ትርጕም አለው። ዛሬ በሠርጉ ማእድ የቀረበው እንግዳ ነገ በሕመም ቀን የሚጠይቀው፣ በኀዘንም ቀን አስከሬን የሚሸከመው ያው ሰው ነውና። ስለዚህ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ልጁን የሚድር ሐበሻ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቅበት ነገር የሙሽራዪቱ ልብስ ወይም የመኪናው አበባ አይደለም። የተጠራውንም ሆነ ሳይጠራ የመጣውን ሰው ሳያሳፍር ተቀብሎ የሚያስተናግድበት ስፍራ ማግኘት ነው።

ጁባ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ የተቈረቈረች ከተማ ስትሆን፣ ከተማነቷ የተጀመረው በ1920ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) እንግሊዞች የአውራጃውን መቀመጫ ከሞንጋላ ወደዚህ ባዛወሩ ጊዜ ነው። ከቀድሞዎቹ ሕንጻዎቿም ብዙዎቹን የሠሩት የግሪክ ነጋዴዎች ናቸው። ከረዥሙ ጦርነት በኋላ በ2005 የሰላም ውል ሲፈረም፣ ከየአገሩ ለጐረፈው እንግዳ የሚበቃ ቤት ስላልነበረ፣ በወንዙ ዳር ድንኳንና የብረት ኮንቴይነር እየተደረደረ በሆቴል ስም ይከራይ ነበር። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ብዙ ሰዎች ምግብ ቤት በመክፈት፣ ሆቴል በማቋቋምና ውኃ በቦቴ በማመላለስ የከተማዪቱን ኑሮ ከሚያንቀሳቅሱት ወገኖች መካከል ሆኑ። ያን ጊዜ በወጣትነታቸው የመጡት ዛሬ ልጅ ለመዳር ደርሰዋል።

የዕድምተኛው ቍጥር ለምን እንደሚበዛ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በእኛ ልማድ የሚጠራው ቤት እንጂ ሰው አይደለም። በመጥሪያው ወረቀት ላይ «ከነቤተሰብዎ» የሚል ቃል ከሰፈረ በኋላ፣ በአንድ ወረቀት ሁለት ሰው ይመጣል ወይስ ስድስት ብሎ ማስላት ከንቱ ድካም ነው። የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ልማድም በዚህ ረገድ ከእኛ የራቀ አይደለም። በዲንቃም ሆነ በኑዌር ዘንድ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሁለት ነገዶች ውል ነው። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለ ከብቱ ብዛት ይነጋገራሉ፤ ለጥሎሹ ከብት ያዋጣ አጎትና የአጎት ልጅም በሠርጉ ላይ ባለ መብት እንጂ ተራ እንግዳ አይደለም። እንዲህ ባለ አገር ጎረቤቱን፣ የቤት አከራዩን፣ የገበያ ባልደረባውንና ከነአጃቢዎቹ የሚመጣውን ሹም የጠራ ደጋሽ፣ በመዝገብ ካሰፈረው ቍጥር በላይ መቀበሉ አይቀርም።

ከዚህም በላይ ሌላ ምክንያት አለ። በዲሴምበር 2013 እና በጁላይ 2016 በከተማዪቱ ውስጥ ተኵስ በተነሣ ጊዜ፣ ሰው ከሰው የተጠጋበትና ጎረቤት ለጎረቤት በሩን የከፈተበት ቀን ነበር። እንዲህ ያለውን ቀን አብሮ ያሳለፈ ሰው በሠርግ ቀን «ወንበር አልቋል» ተብሎ ከበር ቢመለስ፣ ያ ቅያሜ በገንዘብ የሚካስ አይሆንም።

በጁባ ለሠርግ የሚታሰቡት ስፍራዎች በአራት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የሕዝብ አዳራሽ ነው። ከነዚህም ስሙ የታወቀው የኛኩሮን የባህል ማእከል ሲሆን፣ የተሠራው በ1972 በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ስምምነት መሠረት ደቡቡ የራሱ ክልላዊ መንግሥት በነበረው ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃውም፣ ስብሰባውም፣ ሠርጉም ሲፈራረቅበት ኖሯል። ሁለተኛው የትልልቅ ሆቴሎች አዳራሽ ነው፤ ንጹሕና ነፋሻ ቢሆንም ወንበሩ የተቈጠረ፣ ዋጋውም በሰው ልክ የሚታሰብ ነው። ሦስተኛው በወንዙ ዳር ያለው የአትክልት ስፍራ ነው። አራተኛውም የአባቶቻችን ምርጫ የነበረው፣ በገዛ ግቢ ወይም በጎረቤት ሜዳ ላይ የሚጣል ዳስ ነው።

ከአራቱ አንዱን ብቻ መርጦ ይህ ይሻላል ማለት አይቻልም፤ መልሱ በወሩ ላይ የተመሠረተ ነውና። የተዋሕዶ ምእመናን በዐቢይ ጾም ስለማያገቡ፣ ሠርጋቸው በአብዛኛው በጥር ወር ወይም ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ይውላል። ይህ ሥርዓት በደጋው አገር የተለመደ ነው፤ ጁባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቈላ ናት። የጁባ ዝናም የሚጀምረው በኤፕሪል ገደማ ሲሆን እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል። ስለዚህ በጥር ለሚደገስ ሠርግ ዳስና የአትክልት ስፍራ የተመቸ ሲሆን፣ በግንቦት ለሚደገስ ግን ጣራ ያለው አዳራሽ ያስፈልጋል። በግንቦት ሜዳ ላይ ድንኳን የጣለ ሰው ዝናሙ ከላይ ቢቀርለት እንኳ ጭቃው ከታች ይጠብቀዋል። ከጥር በኋላ የሚመጣውን የበረታ ሙቀት በአብዛኛው የሚሸፍነው ጾሙ መሆኑ ለደጋሹ መልካም አጋጣሚ ነው። የሙቀቱን ኀይል ለመረዳት፣ በማርች 2024 እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ስለተሰጋ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሁሉ መዝጋቱን ማስታወስ ይበቃል። በጥርም ቢሆን የቀትሩ ፀሐይ ቀላል ስላልሆነ፣ ዳሱ ከፍ ብሎ የተሠራና ጎንና ጎኑ ለነፋስ የተከፈተ መሆን አለበት።

ወሩ ከታወቀ በኋላ የስፍራው ስፋት ይለካል። አከራዮች ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት የወንበሩን ቍጥር ነው። ነገር ግን ወንበር የያዘው ስፍራ ሁሉ ሰው ተመችቶት የሚበላበት ስፍራ አይደለም። ለአንድ ተቀማጭ ከነጠረጴዛውና ከነመተላለፊያው ከ1 ካሬ ሜትር እስከ 1 ተኩል ቢታሰብ፣ ለ600 ሰው ከ600 እስከ 900 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። የጭፈራው መድረክ፣ የሙሽሮቹ መቀመጫና የአሳላፊዎች ጓዳ ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ 600 ወንበር ይይዛል የተባለውን አዳራሽ ሳይከራዩ በፊት በእግር ተራምዶ መለካት ብልኅነት ነው።

ከስፋቱ ቀጥሎ የሚታየው የምግቡ አቀራረብ ነው። ይህን ቀላል ስሌት ሳያደርጉ የቀሩ ደጋሾች በሠርጉ ቀን ይጸጸታሉ። ምግቡ በአንድ ረድፍ ቢደረደርና እያንዳንዱ ሰው ለመቅዳት 20 ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ 600 ሰው በልቶ የሚያበቃው ከ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በኋላ ይሆናል። ረድፉ አራት ቢሆን ግን 50 ደቂቃ ይበቃል። ለአራት ረድፍ ደግሞ ግድግዳው ሳይሆን መተላለፊያው መስፋት አለበት። ከዚህም ጋር የክርስቲያኑና የእስላሙ ሥጋ ከየራሱ ዕርድና ከየራሱ ጭልፋ ጋር በተለየ ማእድ እንዲቀርብ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚመረጠው ስፍራ ሁለት የማብሰያ ጓዳ ወይም ለሁለት የሚከፈል የጓሮ ሜዳ ያለው ሊሆን ይገባል።

የውኃና የመብራት ጉዳይም እንደ ሌላው አገር ለባለ አዳራሹ ብቻ የሚተው አይደለም። የጁባ ብዙ ቤቶች ውኃ የሚያገኙት ከዓባይ እየቀዳ በሚያመላልስ ቦቴ ነው። ለእጅ መታጠቢያ፣ ለማብሰያና ለዕቃ ማጠቢያ ለአንድ ሰው 5 ሊትር ብቻ ቢታሰብ ለ600 ሰው 3,000 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ሠርጉ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው በታንከር ተሞልቶ ማደር አለበት። የመብራት ኀይልም በ2019 አዲስ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቢሻሻልም፣ ጥንቁቅ ደጋሽ ጄኔሬተሩ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሲበላሽ የሚተካው ሁለተኛ ጄኔሬተር መኖሩን ይጠይቃል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መንገዱና ሰዓቱ ነው። ሥርዓተ ተክሊሉ ከቅዳሴ ጋር በማለዳ ስለሚፈጸም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ድግሱ ስፍራ ያለው ርቀት አጭር ቢሆን ይመረጣል። ከወንዙ ማዶ ከጉምቦ የሚመጣ ዕድምተኛ ቀድሞ በአሮጌው ድልድይ ብቻ ይሻገር ነበር፤ በሜይ 2022 በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነጻነት ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ግን ጉዞው ቀሎለታል። ከዋናው ጐዳና ወጣ ባለ ሰፈር ያለ አዳራሽ በዝናም ወራት መኪና እስከ በሩ ላያስገባ ይችላል። ሰዓትን በሚመለከት ደግሞ፣ በጃንዋሪ 2025 በሱዳናውያን ሱቆች ላይ ከደረሰው ረብሻ የተነሣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚጸና የሰዓት እላፊ በከተማዪቱ ታውጆ እንደ ነበረ ይታወሳል። ወሩ ጥር፣ የሠርግ ወር ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በድንገት ቢመጣ የማታ ግብዣ ብቻ ያዘጋጀ ደጋሽ ድግሱ ሁሉ ከንቱ ይቀርበታል። ስለዚህ ዋናውን ማእድ ለምሳ ማድረግና ስፍራውን ከጧት ጀምሮ መከራየት ይበልጥ ያስተማምናል። በወንዙ ዳር ለሚደግስም ምሳው ይሻለዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የወባ ትንኝ ሳይጠራ የሚመጣ እንግዳ ነውና።

ይህ ሁሉ ከተመዘነ በኋላ ለ300 ሰው የሚበቃ አዳራሽ ብቻ የተገኘ እንደሆነ፣ 600 ሰው የጠራ አባት ምን ያድርግ? ለዚህ መልሱን የሚሰጠው የቀድሞው የግብር ሥርዓት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ባሠሩት አዳራሽ ግብር ሲያበሉ፣ በሺሕ የሚቈጠረው ሕዝብ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይቀመጥም ነበር። አስቀድሞ መኳንንቱ፣ ቀጥሎ ወታደሩ፣ ከዚያም ሌላው እየተፈራረቀ ይገባ ነበር። ከአዳራሹ ስፋት በላይ የሚሆን ሕዝብ የሚስተናገደው በተራ ነው። በሠርግም ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን የዛሬ ዕድምተኛ በማዕርግ መከፋፈልን ስለማይወድ፣ የሚሻለው በቀን መከፋፈል ነው። ልማዳችን ለዚህ የተመቸ ነው። ከሠርጉ ቀን ቀጥሎ መልስ አለ፤ ከመልሱም በኋላ ቅልቅል አለ። የቅርብ ዘመድና ሽማግሌ በሠርጉ ቀን፣ የሥራ ባልደረባና የገበያ ወዳጅ በመልሱ፣ ጎረቤትና የዕድር ሰው በቅልቅሉ ቢጠሩ ማንም ተቀነስኩ ብሎ አይቀየምም። እያንዳንዱ የራሱ ቀን ተሰጥቶታልና። ይህን በመጥሪያው ወረቀት ላይ አስቀድሞ በግልጽ መጻፍ ግን ግዴታ ነው።

ለዳስ የወሰነ ሰውም ብቻውን አይደለም። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንዲሉ፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን በውሰት የሚሰጥ ዕድር ወይም ማኅበር ያለው ሰው ለአዳራሹ ኪራይ የሚከፍለውን ገንዘብ ለማእዱ ማዋል ይችላል። ደግሞም በሜዳ ላይ መሰብሰብ በጁባ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። አገሪቱ በጁላይ 9 ቀን 2011 ነጻነቷን ያወጀችው በጆን ጋራንግ መካነ መቃብር ሜዳ ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 የሮማው ፓፓ ፍራንቸስኮ ቅዳሴ ባደረጉ ጊዜም፣ እንደ አገሩ ባለ ሥልጣኖች ግምት 100,000 ያህል ሕዝብ የተሰበሰበው በዚያው ሜዳ ነበር። ሜዳ ዘግይቶ ለመጣ ሰው አይጠብም፤ ዳሱም በአንድ ጎን ተከፍቶ ጥቂት ወንበር ቢጨመር ማንም አይታወክም።

እንግዲህ ስፍራ ለመምረጥ የወጣ አባት በመጨረሻ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። በዝርዝሩ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን በክፉ ቀን የደረሰለት ሰው በዚያ ቀን ዘግይቶ ከነልጆቹ ቢመጣ፣ የሚቀመጥበት ጥላ፣ የሚታጠብበት ውኃና የሚበላው እንጀራ ይኖራልን? ይህን የሚያሟላ ስፍራ፣ አዳራሽም ይሁን ዳስ፣ ለሠርጉ በቂ ነው። ይህን የማያሟላ ግን ጣራው በመብራት ቢያሸበርቅም፣ ኪራዩ ሳይከፈል ሌላ ቢፈለግ ይሻላል።