ነባሩ ውሻና አዲሱ ቡችላ

ለብዙ ዘመን የግቢውን በር ሲጠብቅ የኖረ ውሻ፣ ቅጥሩን እንደ ርስቱ የሚቈጥር ፍጡር ነውና፣ በ8 ሳምንቱ ከእናቱ ተለይቶ የመጣ ቡችላ ድንገት ሲገባበት ቢቈጣ ሊፈረድበት አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትውውቅ ሁለቱም ርስቴ በማይሉት ስፍራ፣ ለምሳሌ ክትባታቸውን የፈጸሙ ውሾች ብቻ ባሉበት በወዳጅ ግቢ፣ ነባሩ በላላ ገመድ ተይዞ ቢሆን ይመረጣል፤ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ግን መሸሻ ስለሌለው፣ ቡችላን ወደ እርሱ ማቅረብ እጅግ አደገኛ ነው።

ነባሩ ከንፈሩን ገልጦ፣ አንገቱን አደንድኖ ሲያጉረመርም ብዙ ሰው ዱላ ያነሣል። ዳሩ ግን ይህ ድምፅ ከንክሻ የሚቀድም ተግሣጽ ስለ ሆነ፣ በዱላ ዝም የተሰኘ ውሻ ያለ ማስጠንቀቂያ መንከስን ይማራል እንጂ ቍጣውን አይተውም። ቡችላውም ሥርዓትን የሚማረው ከዚሁ ተግሣጽ ነው፤ አልሰማ ብሎ የታላቁን ጆሮና ጅራት መንከሱን ቢቀጥል፣ ገላጋይ መሆን የሚገባው ባለቤቱ ነው።

ምግባቸው በየሳሕናቸው ተራርቆ ይቅረብ፤ አጥንትም በመካከላቸው አይጣል። ነባሩ አርጅቶ መገጣጠሚያው የሚያመው ከሆነ፣ ቡችላው የማይደርስበት መኝታ ያሻዋል። መላመዱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃልና፣ እስከዚያው ጠባቂ ሳይኖር ሁለቱን ብቻቸውን መተው አይገባም።