በር ላይ የሚቆመው እንግዳ ተቀባይ ምን ይሠራል?

ከመካከላችን ከትምህርት ጎን ለጎን በምግብ ቤት እንግዳ ተቀባይነት ለመቀጠር የሚያመለክቱ እህትና ወንድሞች አሉ። ብዙዎቻችን ሥራው ፈገግ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ» ማለት ብቻ ይመስለናል። ዋናው ግን ጠረጴዛ ማከፋፈል ነው። አንዱ አስተናጋጅ ጋ አራት ጠረጴዛ በአንዴ ከሞላ እሱም ወጥ ቤቱም ይጨናነቃሉ፤ ስለዚህ ሰዉን እያፈራረቁ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

«ስንት ደቂቃ እንጠብቅ?» ለሚለው ጥያቄም ሒሳብ አለው። 20 ጠረጴዛ ባለው ቤት ሰው በአማካይ 40 ደቂቃ ከተቀመጠ፣ በየ2 ደቂቃው አንድ ጠረጴዛ ይለቀቃል። በሰልፉ አምስተኛ የሆነው 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል ማለት ነው። (እኛ ኢንጂነሪንጎች «የሊትል ሕግ» እያልን የምንጨነቅበት ይኸው ነው።)

በረመዳን ግን ስሌቱ ይፈርሳል። በመግሪብ አዛን ሁሉም አንድ ላይ ስለሚያፈጥር የሚነሳውም አንድ ላይ ነው፤ እስከዚያ አንድም ጠረጴዛ ላይለቀቅ ይችላል። ጾመኛን «አሁን ይለቀቃል» እያሉ በር ላይ ማቆም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቃላችን አማና ነው። ቴምርና ውሃ ሰጥቶ እውነቱን መንገር ይሻላል።

ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ፦ ፈረቃው ለሶላት ፋታ ይሰጣል? ሂጃብ ይፈቀዳል? ቤቱ አልኮል ይሸጣል? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት፣ የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የፈተና ሳምንታችንን ደግሞ ለአለቃችን በመጀመሪያው ቀን እናሳውቅ፤ የፈረቃ ድልድል ከወጣ በኋላ የሚተካን ሰው ማግኘት ከባድ ነው።