የመጨረሻው ዓመት አውቶሞቢልና ዋጋው

በቡና ንግድ የተሰማራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ያለፈው ዓመት ምርት በመጋዘን የቆየ እንደሆነ መዓዛው ይደክማል፤ ገዥም ቀምሶ ዋጋውን ይቀንሳል። ስለዚህ ለቦንጋ ነጋዴ አሮጌው ዕቃ ከአዲሱ አብልጦ ያወጣል ቢሉት ለማመን ይቸገራል። በአውቶሞቢል ንግድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድ ፋብሪካ አንድን ዐይነት መኪና መሥራቱን ለዘለቄታው ባቆመ ጊዜ፣ በመጨረሻው ዓመት የተሠሩት በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ይሆናሉ።

ለዚህ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ የሚሆነው የአሜሪካኖች ዶጅ ቻሌንጀር ነው። አሜሪካኖች ፖንቲያክ ጂቲኦ የተባለው መኪና በ1956 ዓ.ም. ገበያ ከወጣ ወዲህ፣ በመካከለኛ አካል ላይ ትልቅ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር እየገጠሙ ለወጣቱ መሸጥን ልማድ አደረጉ፤ ለዚህም ዐይነት መኪና ከጡንቻ የተወሰደ ስም አወጡለት። ቤንዚን እንደ ውሃ የሚጠጣ፣ ለጭነት የማይረባ፣ ነገር ግን ድምፁና ፍጥነቱ ልብ የሚሰርቅ መኪና ነው። የጭስ ሕግ እየጠበቀ፣ የኤሌክትሪክ መኪናም እየበረከተ በመሄዱ፣ ቻሌንጀር በካናዳ አገር በብራምፕተን ፋብሪካ ሥራው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ተፈጸመ። መደምደሚያው ዴመን 170 የተባለው ሲሆን፣ ባለ 6.2 ሊትር ሞተሩ ኤታኖል በተቀላቀለበት ነዳጅ እስከ 1,025 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ኩባንያው አስቀድሞ «የመጨረሻ ጥሪ» ብሎ ስላወጀ፣ ገዥው የሚገዛው መኪና ብቻ ሳይሆን የአንድ ዘመን መዝጊያ መሆኑን ዐውቆ ነው የገዛው።

ሰብሳቢ የመጨረሻውን ለምን ይመርጣል ቢባል፣ በመጀመሪያ ቁጥሩ የተዘጋ መሆኑ ነው፤ ከእንግዲህ ሊጨመርበት አይችልም። ደግሞም ፋብሪካ በዓመታት ውስጥ የታየውን ጉድለት እያረመ ስለሚሄድ፣ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ይልቅ የተሟላ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በተረፈ ያለው የስሜት ጉዳይ ነው፤ ስሜትም በገበያ ዋጋ አለው።

ይሁን እንጂ ነጋዴ «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ከሻጭ አፍ ሲሰማ መጠንቀቅ ይገባዋል። ካዲላክ የተባለው ኩባንያ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ጣራው የሚከፈተውን ኤልዶራዶ መሥራቱን ሲያቆም፣ ይህ በአሜሪካ የሚሠራ የመጨረሻው ጣራ ከፋች አውቶሞቢል ነው ተብሎ ተነገረ። በዚያ ዓመት 14,000 ያህል ተሠራ፤ ብዙዎችም ከተተመነው በላይ ከፍለው፣ ሳይነዱ ጋራዥ ውስጥ ዘጉበት። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ኩባንያው ጣራ ከፋቹን ኤልዶራዶ እንደገና ገበያ አወጣው። ከገዥዎቹ አንዳንዶቹ ተታለልን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። የዶጅ ወገን የሆነው ራም ኩባንያም አስቀርቶት የነበረውን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ወደ ፒካፕ መኪናው እንደሚመልስ በ2017 ዓ.ም. አስታውቋል። ፋብሪካ ያዋጣኛል ባለ ጊዜ የዘጋውን በር ይከፍታል፤ ይህንንም ማንም ሊከለክለው አይችልም።

በአገራችን ቻሌንጀር ሲያልፍ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። የእኛ ሰብሳቢ ልቡን የሰጠው ለቮልስዋገን፣ ሕዝቡ አሳጥሮ «ቮልስ» ለሚላት ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ውሃ አይሻም፤ አሠራሯም ቀላል በመሆኑ ብዙ መካኒክ ይፈታታል፣ ይገጥማል። ቮልስ በጀርመን አገር በዎልፍስቡርግ መሠራቷ ያቆመው በሰኔ 1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን የተወሰዱት ከዚያ ከሁለት ወር በኋላ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በሕዝብ መኪና መወሰዳቸው እስከ ዛሬ ድረስ ይነገራል።

በሜክሲኮ ግን ሥራው ቀጥሎ እስከ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ደረሰ። መዝጊያ የሆኑት 3,000 መኪኖች በሁለት ቀለም ብቻ የተሠሩ ሲሆን፣ የመጨረሻይቱ ቁጥሯ 21,529,464 ነበር፤ በሙዚቃ ተሸኝታ ዎልፍስቡርግ ሙዚየም ገባች። እንግዲህ «የመጨረሻ» ሲባል የየትኛው ፋብሪካ ብሎ መጠየቅ ያሻል፤ የዎልፍስቡርጉንም የሜክሲኮውንም «መጨረሻ» ማለት ይቻላልና።

አሁን ወደ ራሳችን ገበያ እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ሰዎች በእጃቸው ያለውን የቤንዚን መኪና ሁሉ እንደ ወርቅ ቢያስቀምጡት እንደሚያተርፍ ሲናገሩ ይሰማል። እኔ ግን ይህን አሳብ አልቀበልም። ቪትዝ ዋጋው ቢወደድ ሰው መጓጓዣ ስለሚያስፈልገው ነው፤ ቮልስ ግን የምትወደደው ሰው ስለሚወዳት ነው። የሕግ እጥረት በሕግ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ቪትዙ ተራ አሮጌ መኪና ሆኖ ይቀራል።

ቮልስ ለመግዛት አዲስ አበባ የሚወርድ ነጋዴ ቢኖር፣ ከቀለሟ በፊት ሊብሬዋን ይመልከት። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መስማማት አለበት፤ ሞተር የተለወጠባት ብዙ ናትና። ቀጥሎ የኋላውን መቀመጫ አንሥቶ ባትሪው የተቀመጠበትን ላሜራ በጣቱ ይጫነው፤ ከባትሪው የሚፈሰው አሲድ ቀድሞ የሚበላው እዚያ ነው። የጥንቶቹ ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ መብራታቸው ደካማ ነው፤ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት ባለ 12 ቮልት ለሌሊት መንገድ ይሻላሉ።

መኪናዋ ወደ ከፋ ከመጣች በኋላ ትልቁ ጠላት ዝገት ነው። ቡናችንንና ማራችንን የሚያሳድገው ዝናብ ለላሜራ አይራራም። በሸራ አፍኖ ማቆም እርጥበቱን ያቁርበታል እንጂ አያደርቀውም፤ ነፋስ የሚያገኝ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ መጠለያ ያስፈልጋል። ያ መጠለያ ስንት ኩንታል ቡና ይይዝ እንደነበር ግን ባለቤቱ ራሱ ያስላው።