የመልህቅ ጭቃና የእምቦጭ ዘር

ከሜስኪት፣ ቴክሳስ

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ባሕር የሌላት አገር ልጅ በጀልባ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ሬይ ሃባርድ ሐይቅ እኮ ከሜስኪት አፍንጫ ሥር ነው። ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን የገዛናት አሮጌ ጀልባ አለችን። አንዳንዴም አምስት ሰዓት ያህል ጎትተን ጋልቬስተን ባሕር ላይ እናወርዳታለን።

መልህቅ የሳበ ሰው ያውቀዋል፤ ሰንሰለቱ ጭቃና አረም ጠቅልሎ ይወጣል፣ ሳይታጠብ ከተቀመጠ ይገማል። መፍትሔው ውሃውን ከጀልባዋ ሥር ስቦ ወደ ፊተኛው ወለል የሚገፋ ፓምፕ ነው። የባሕሩ ውሃ ጨው ቢሆንም ለጭቃ ይበቃል፤ የሚጠጣው ውሃ ይተርፋል።

ከባዱ ነገር ጀልባዋን በትራፓኖ መብሳቱ ነው። ቀዳዳው ከውሃ በታች ስለሆነ መዝጊያ ቫልቭ የግድ ነው፤ እሱም የነሐስ ወይም ለባሕር የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን። ለቤት ቧንቧ የሚሸጠው ቢጫ ብረት ውስጡ ያለውን ዚንክ ጨው እየበላው ተሰባሪ ይሆናል። ከቫልቩ ቀጥሎ ማጣሪያ፣ ከዚያ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ፣ ከዚያ እስከ ፊት የሚደርስ ጎማ ይገጠማል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነም ሽቦው ወፈር ይበል። ፓምፑ ጫፉ ሲዘጋ ግፊቱን አይቶ ራሱ ይቆማል፤ ግን ጎማው ከፈነዳ ግፊት ስለሌለ አያቆምም፣ ሐይቁን ወደ ጀልባዋ ሲገለብጥ ያድራል። ስለዚህ ስንወርድ ማብሪያውንም ቫልቩንም እንዘጋለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቴክሶማ ሐይቅ ውስጥ ዜብራ መስል የሚባል ባለዛጎል ፍጡር ተገኘ። እጩ በዓይን አይታይም፤ በጀልባ ውስጥ በቀረ ውሃ ከሐይቅ ሐይቅ ይጓዛል። ከ2014 ጀምሮ በመላ ቴክሳስ ጀልባን ውሃው ሳይፈስ ከሐይቅ ይዞ መውጣት በሕግ ተከልክሏል። የእኛ ፓምፕ ደግሞ ውሃን ወደኋላ አይመልስም፤ ቫልቩ ቢከፈትም ከፓምፑ በላይ ያለው ጎማ እንደሞላ ይቀራል። ስለዚህ ዝቅ ባለው ቦታ ሌላ ማፍሰሻ ጨመርን።

ይህን ስሠራ ጣና ትዝ አለኝ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል። የማይነቀለው ግን ዘሩ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል። መልህቅም የሚያወጣው ያንኑ ጭቃ ነው! በወጣበት ቦታ ከታጠበ እዚያው ይመለሳል፤ ካልታጠበ ጀልባዋ በምትሄድበት ሁሉ ይሄዳል። ለዚህ ፓምፕም አያስፈልግም፤ አንድ ባልዲና ገመድ ይበቃል።

እኛ ከሐይቁ ስንወጣ ማጣሪያውን ፈትተን፣ ማፍሰሻውን ከፍተን ጠብታው እስኪያልቅ እንቆማለን። ከኋላ የተሰለፈው ባለጀልባ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ይንፋ።