አንድ ምሽት በፓታያ ካባሬ

አንባቢ ሆይ፣ ታይላንድ ደርሶ የተመለሰን ሰው ወዳጆቹ ከሰላምታ ቀጥለው የሚጠይቁት ስለ ዝሆን ወይም ስለ ቡድሃ ቤተ መቅደስ እንዳይመስልዎ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እውነት ነው ወይ፣ እዚያ አገር ወንዶቹ ሴት ሆነው ይደንሳሉ የሚባለው?» ነው የሚሉት። እኔም በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ለሦስት ሳምንት የእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና ባንኮክ ሰንብቼ ስመለስ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የቀረበልኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነበር። ያየሁትን በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገር ግን ሳልነግራቸው ያስቀረሁት ክፍል ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ እነሆ ለእርስዎ ልጽፈው ተነሣሁ።

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በ2017 ሲሆን ባንኮክ ስደርስ ዘመኑ 2568 ሆኖ ጠበቀኝ። ታዮች ዓመት የሚቆጥሩት ቡድሃ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በሥልጠናው ላይ ወዳጄ የሆነው የኔፓል መምህር ደግሞ በእርሱ አገር ገና 2081 መሆኑን ነገረኝ። እንዲህ ሦስት ዘመን ይዘን ባንድ ጠረጴዛ ሩዝ እንበላ ነበር።

ይህ ሰው ዕድሜው ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ ዝምተኛና ለገንዘቡ ጥንቁቅ ነው። አንድ ቅዳሜ ኤካማይ ከሚባለው የአውቶቡስ ጣቢያ ተሳፍረን ሁለታችን ፓታያ ወረድን። ከባንኮክ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በከተማው ውስጥ ሰው የሚያመላልሱት መኪናዎች ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበር ያላቸው፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚሄድባቸው ናቸው። የእኛን «ውይይት» ታክሲ የሚያስታውስ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል።

ፓታያ ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በቬትናም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች በአቅራቢያዋ ባለው በኡ-ታፓኦ የአውሮፕላን ማረፊያ ሰፈሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ቢ-52 የተባሉት ትልልቅ ቦምብ ጣዮች ከዚያ ይነሡ ነበር። ወታደር ዕረፍት ሲያገኝ የባሕር ዳር ይፈልጋል፤ ቡና ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ ዳንሱም ወታደሩን ተከትለው መጡ። ጦሩ በ1976 ለቆ ሲወጣ ቱሪስቱ በቦታው ተተካ። ቲፋኒ የሚባለው የካባሬ ቤት የተጀመረው በ1974 ሲሆን ተወዳዳሪው አልካዛር በ1981 ተከፈተ። እኔና ወዳጄ የገባነው ከሁለቱ ባንደኛው ነው።

ካባሬ ማለት ዘፈን፣ ዳንስና ቀልድ እየተፈራረቁ የሚቀርቡበት ትርዒት ነው። የፓታያውን ከሌላው የሚለየው በላባና በዕንቊ አጊጠው የሚወጡት ቆነጃጅት ሁሉ ወንድ ሆነው የተወለዱ መሆናቸው ነው። ታዮች እንዲህ ያለውን ሰው «ካቶይ» ይሉታል። ቃሉን ለራሳቸው በኩራት የሚጠሩበት አሉ፤ እንደ ስድብ ቆጥረው የሚጠሉትም አሉ፤ ስለዚህ እንግዳ ሰው ባይጠቀምበት ይሻላል።

ነገሩ ቱሪስት ያመጣው ብቻ እንዳይመስልዎ። ላኮን ኖክ የሚባለው የታዮች የጥንት ቴአትር በወንዶች ብቻ የሚሠራ ነበር፤ የንግሥቲቱንም የገረዲቱንም ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውስጥ ደግሞ በተቃራኒው ላኮን ናይ የሚባለውን ሴቶች ብቻ ይሠሩት ነበር፤ ንጉሡም ጀግናውም ሴት ነበረች ማለት ነው። ሴቶች ከቤተ መንግሥት ውጭ እንዲጫወቱ የተፈቀደው በ19ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ሞንግኩት ዘመን ነው። በዚህ የምንስቅ ከሆነ የራሳችንም ቴአትር ሲጀመር ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለ ነበረ፣ ሻሽ አስረው የእመቤቲቱን ቦታ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች መሆናቸውን እናስታውስ። ልዩነቱ የእኛዎቹ መጋረጃው ሲዘጋ ሻሹን ፈትተው ወደ ቤታቸው መሄዳቸው ነው። የፓታያዎቹ ግን ወደ ቤታቸውም የሚሄዱት እንደ ሴት ነው።

በሥልጠናው ያስተናገዱን አንዲት ታይላንዳዊት መምህርት ስለዚህ ነገር ስጠይቃቸው አልተደነቁም። በሲሳኬት ክፍለ ሀገር ካምፓንግ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች ሦስተኛ መጸዳጃ ቤት እንደ ሠራላቸው አጫወቱኝ። ወንዶቹ ዘንድ ሲገቡ ይሰደባሉ፣ ሴቶቹ ዘንድ ሲገቡ ልጃገረዶቹ ይሳቀቃሉ፤ ርእሰ መምህሩ በዚህ ቢቸገር ነው። «ቱሪስቱ አገራችንን ለእነርሱ ገነት አድርጎ ያስባል» አሉኝ መምህርቷ፤ «በመድረክ ላይ እንወዳቸዋለን፤ በመሥሪያ ቤት ግን ያን ያህል አይደለም።» ይህን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። መጻፍና መረዳት ግን ለየቅል ናቸው።

ወደ ቴአትሩ ልመለስ። በትኬት መሸጫው መስኮት ላይ የተጻፈው ዋጋ ከሺህ ባት በላይ ነበር። ቸኩዬ ልከፍል ስል ኔፓላዊው ክንዴን ይዞ ጎተተኝና፣ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግታ ከተቀመጠች ሻጭ ዘንድ ያንኑ ትኬት በስድስት መቶ ባት ገዛልን። በጊዜው ምንዛሪ ከሁለት ሺህ ብር በላይ ይሆናል። እርስዎም እንደ እኔ የመንግሥት ደመወዝ የሚበሉ ከሆነ በልቤ ምን እንዳሰላሁ ይገባዎታል። ደግነቱ የከፈልኩት ከአበሌ ነበር።

አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ወንበሩ ቀይ ከፋይ። ቻይናው፣ ሕንዱ፣ ሩሲያው ከነቤተሰቡ ተቀምጧል፤ ልጆች ያስከተሉም አይቻለሁ። መብራቱ ጠፍቶ መጋረጃው ሲከፈት እስከ ጣሪያ የሚደርስ ደረጃ ታየ፤ በደረጃው ላይ ሠላሳ ያህል ሴቶች ነጭ ላባ ተሸክመው ቆመዋል። ወዳጄ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አጠለቀው። ከዚያም የቻይናው ዘፈን በቻይና ልብስ፣ የኮሪያው በኮሪያ ልብስ፣ የሕንዱ በሳሪ፣ ተራ በተራ መጣ። የሕንዱ ሲደርስ ያ ዝምተኛ ሰው ድምፁን አውጥቶ መዝፈን ጀመረ። እኔም የእኛ ይመጣ ይሆን ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር። የሚዘፍኑት እነርሱ አይደሉም፤ ድምፁ ከቴፕ ነው፤ እነርሱ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ስሙን ነግሮት ወዲያው ግጥም የሚገጥምለትን አዝማሪ ለለመደ ሰው ይህ ምን ያስደንቃል? ቆይቶ ግን ከፊት ያለችውን አንዷን ልብ ብዬ ተመለከትኩ። ዘፋኟ በቴፑ ውስጥ ትንፋሽ በምትስብበት ቦታ የእርሷም ትከሻ ከፍ ይላል፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የአንገቷ ሥር አብሮ ይንቀጠቀጣል። በማታውቀው ቋንቋ ይህን ለማድረግ ስንት ቀን መስተዋት ፊት እንደ ቆመች ያስቡት። ከዚያ በኋላ አዝማሪውን ረሳሁት።

ከሁሉ አዳራሹን ያናወጠችው ግን ቆንጆዎቹ አይደሉም፤ አንዲት ወፍራም ቀልደኛ ናት። ቀሚሷ ጠቧት፣ ጫማዋ አንድ እግር ጎድሎ፣ ከመድረክ ወርዳ ተመልካቹ መካከል ገባች። ከፊታችን የተቀመጠውን የአንድ ፈረንጅ መላጣ በመሐረብ ወለወለችና ራሷን ልክ እንደ መስተዋት ተመለከተችበት፤ ከንፈሯንም ቀለም ቀባች። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። የሳቅሁት በቀልዷ ነው ወይስ በእርሷ? ይህን ጥያቄ ያን ጊዜ ለራሴ አላቀረብኩም።

ትርዒቱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በልጦ ሲያበቃ ተጫዋቾቹ ሁሉ ወደ ግቢው ወጥተው ይሰለፋሉ። ከፈለጉት ጋር ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ ጉርሻ ይሰጣሉ። በእኛ አገር አዝማሪ ቤት ብር ግንባር ላይ እንደሚለጠፈው መሆኑ ነው። ቀልደኛይቱ መጥታ ክንዴን ያዘችና ወዳጄ ፎቶግራፍ አነሣን። እኔም አረንጓዴዋን የሃያ ባት ኖት አወጣሁ። እርሷ በእንግሊዝኛ «መቶ» አለችኝ። መርካቶ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መከራከር ጀመርኩ። ፎቶግራፉን ያነሣው የራሳችን ስልክ ነው፣ ደግሞም ዋጋው የትም አልተጻፈም፣ አልኩ። እርሷ ያን የመድረክ ድምፅ ትታ ጎርነን ባለ የወንድ ድምፅ አንድ ቃል በታይኛ ብትናገር በዙሪያው ያለው ቱሪስት ሁሉ ሳቀ። እኔም ከእነርሱ ጋር ሳቅሁ። ሃያዋን ተቀብላ ሄደች። እኔም እንደ ረታሁ ቆጠርኩት።

ኔፓላዊው ወደ ባሕሩ ዳር ሲሄድ እኔ ርቦኝ ስለ ነበረ ከቴአትሩ ጀርባ ባለ መንገድ ኑድል ከሚሸጥበት ጋሪ ዘንድ ሄድኩ። ባዶ የነበረው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ትዕዛዜን ሰጥቼ ቀና ስል ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ቀልደኛይቱ ናት። ቀሚሷን በካናቴራ ለውጣለች፤ የፊቷ ቀለም ግን እንዳለ ነው። አየችኝና «አ፣ ሚስተር ሃያ ባት!» አለች። አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ ወንበሩ እሾህ ሆነብኝ።

እርሷ ግን ቂም አልያዘችም። ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀችኝ። ኢትዮጵያ ስላት ሯጮቻችንን አነሣች። ሥራዬን ጠየቀችኝ። «መምህር ነኝ» አልኳት። ይህን ስትሰማ መብያ እንጨቶቿን አስቀምጣ ሁለት መዳፎቿን አገጣጥማ እጅ ነሣችኝ። በታይላንድ መምህር «ክሩ» ይባላል፤ ቃሉ ከሕንዶቹ «ጉሩ» የመጣ ነው፤ ተማሪዎች በየዓመቱ አበባ ይዘው ተንበርክከው መምህሮቻቸውን የሚያከብሩበት ሥርዓት አላቸው። የዕድሜ ታላቄ ናት፤ ወደ አርባ ትጠጋለች። ከግማሽ ሰዓት በፊት በሰው ፊት ያሳቅሁባት ሰው ተነሥታ እጅ ስትነሣኝ ምን እንደምል ጠፋኝ።

የሰሜን ምሥራቁ የኢሳን አገር ሰው ናት፤ እናቷ እዚያ ሩዝ ያርሳሉ፤ ገንዘብ ትልክላቸዋለች። በታይላንድ 21 ዓመት የሞላው ወንድ በየዓመቱ በፈረንጆች ኤፕሪል ለወታደርነት ዕጣ ያወጣል። ጥቁር ካርድ የደረሰው ወደ ቤቱ፣ ቀይ የደረሰው ወደ ጦር ሠፈር ነው። እርሷም ተራዋ ሲደርስ ጸጉሯ ትከሻዋን አልፎ፣ ደረታቸውን ከገለጡ ጎረምሶች መካከል ተሰለፈች። ሐኪም አይቷት ከዕጣው አወጣት። በሰጧት ወረቀት ላይ ግን «ቋሚ የአእምሮ ሕመም» የሚል ተጽፎበታል። እዚያ አገር ወንድ ሆኖ የተመዘገበ ሰው ሥራ ሲጠይቅ አሠሪው ብዙ ጊዜ ይህን የወታደርነት ወረቀት አምጣ ይለዋል። «ሒሳብ መዝገብ ያዥነት ተምሬ ነበር» አለችኝ። ሦስት ቦታ ወረቀቷን አሳየች፤ በአራተኛው ካባሬ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ እንደ እርሷ ያለ ሰው የመከላከያ ሚኒስቴርን ከስሶ ስለ ረታ ቃሉ ተለውጧል። የእርሷ ወረቀት የተጻፈው ግን ከዚያ በፊት ነው።

እኛ እዚያ ከመድረሳችን ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማናቸውም ሁለት ሰዎች እንዲጋቡ የሚፈቅደው አዲሱ የጋብቻ ሕግ ሥራ ላይ ውሎ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጀመሪያው ነው። ታገቢ እንደ ሆነ ብጠይቃት ሳቀችና «ማታ ማታ ትርዒት አለብኝ፤ መቼ ላግባ?» አለች። ቀጥላም መታወቂያዋን አውጥታ ከስሟ በፊት ያለውን ቃል በጥፍሯ አሳየችኝ። «ናይ» ይላል፤ አቶ ማለት ነው። ይህን ማስለወጥ የሚያስችል የሕግ ረቂቅ በ2024 ለፓርላማ ቀርቦ ወድቋል። ብታገባም በመዝገቡ ላይ የምትቀመጠው «አቶ» ሆና ነው።

ሒሳቡን ልክፈል ብል እምቢ አለች። ክሩ አይከፍልም ብላ የእኔንም ከፈለች። ስንት እንደ ነበረ አልነግርዎትም፤ ከሃያ ባት ግን ይበልጣል።

ለመሄድ ስትነሣ በቋንቋችሁ «ዩ» ምን ትላላችሁ ብላ ጠየቀችኝ። በታይኛ ሦስተኛውን ሰው የሚጠሩበት ቃል ወንድና ሴት አይለይም፤ የሚለየው ተናጋሪው ራሱ ነው። ሴት በንግግሯ መጨረሻ «ካ»፣ ወንድ «ክራፕ» ይላል፤ እርሷ ምሽቱን ሁሉ «ካ» ስትል ነበር። አማርኛችን ግን ማምለጫ የለውም፤ በላ ወይም በላች፣ አንተ ወይም አንቺ ሳይሉ ዐረፍተ ነገር አይዘጋም። እስካሁን እርስዎን «እርስዎ» እያልኩ የመጣሁት ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ ወንድ ይሁኑ ሴት ስለማላውቅ ነው። ለእርሷም ይህንኑ ዘዴ ተጠቀምኩ።

«እርስዎ» አልኳት።

ደጋግማ አለችውና፣ «ይህ ለሴት ነው?» አለች።

«ለሚከበር ሰው ሁሉ ነው፤ ለወንድም ለሴትም።»

ጥቂት አሰበች። «የሴቷስ ብቻ?»

«አንቺ።»

«አንቺ» አለች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አለችው፤ ልክ በመስተዋት ፊት እንደምትለማመድ ሰው። ከዚያ ከውስጥ ተጠራችና ለመጨረሻው ትርዒት ሮጣ ገባች።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህን ስተርክ ገና «አለችኝ» ከማለቴ አንዱ ባልደረባዬ «አለኝ በል እንጂ!» ብሎ አቋረጠኝ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ወሬውን እዚያው ላይ ተውኩት።