ስለ አረጋውያን አቀባበል
የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ከቁጥር 25 እስከ 38 ሐተታ

ወንጌላዊው ሉቃስ ጌታችን በተወለደ በ40 ቀን ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜ ሁለት አረጋውያን እንደ ተቀበሉት ይነግረናል፤ እነርሱም ስምዖንና ሐና ናቸው። ሐና በመበለትነት የኖረች፥ በጾምና በጸሎት ከመቅደስ የማትለይ ናት። ስምዖንንም አባቶች መጻሕፍትን ወደ ጽርዕ ከመለሱት ሊቃውንት አንዱ ነው ይሉታል፤ በዓሉም የካቲት 8 ቀን ይከበራል።

በዚያ ቀን በመቅደስ ካህናት ነበሩ፤ መሥዋዕት የሚያቀርብ ሕዝብም ነበረ። ሕፃኑን ያወቁት ግን ሽማግሌውና አሮጊቲቱ ናቸው። ስለምን ቢሉ፤ ተስፋውን ሲጠብቁ ኖረዋልና ነው። አንድም፤ የዚህ ዓለም ነገር ከእጃቸው ስለ ወጣ እጃቸው ሕፃኑን ለመታቀፍ የተዘጋጀ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። አንድም፤ አረጋዊ ለቤተ እግዚአብሔር ሸክም እንዳይደለ፥ ይልቁንም ምስክርዋ እንደ ሆነ ያስተምረን ዘንድ ነው።

እንግዲህ አረጋዊን በክብር መቀበል ምጽዋት አይደለም፤ ምስክሩን ከደጅ አለመመለስ ነው እንጂ። በዱርቤቴና በአቸፈር አገር፥ በጣና ዳርም ባሉ አጥቢያዎች፥ አረጋዊን ከቤተ ክርስቲያን ውጣ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን ሳይባል ይቀራል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን በሚጾመው በፍልሰታ፥ ማስቀደስን አብልጦ በሚሻበት ወራት፥ ጭቃው ይይዘዋል፤ ወንዙም ይሞላበታል። ከደረሰም በኋላ ጫማውን ለማውለቅ ያጐነበሰ እንደ ሆነ የሚደግፈው ያጣል፤ ደረጃው ይከብደዋል፤ ረጅሙን ቅዳሴ መቆም ሲያቅተው ያፍራል። አንድ ሰንበት ይቀራል፤ ኋላም ፈጽሞ ይቀራል።

ስለዚህ ካህን የመጡትን ብቻ ሳይሆን የቀሩትንም ሊያስብ ይገባዋል። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት ያውቃልና በእግሩ ሄዶ ይጠይቅ። ወጣቶችም ጐረቤታቸውን ደግፈው ያምጡ፤ በቅሎ ያለውም በቅሎውን ይስጥ። በወንዱም በሴቱም ወገን ለደካሞች ግድግዳ የሚደገፉበት ስፍራ ይለይላቸው።

በቅዳሴ ጊዜ መቀመጥ ድፍረት አይሆንምን ቢሉ፤ ለሚችል ሰው ስንፍና ነው፤ ለማይችል ግን አይደለም። መቋሚያ የተሠራው አባቶች የሰውን ድካም ስላወቁ ነው። ወንጌል ሲነበብ መነሣት የሚችለውን ደግፈን እናስነሣው፤ የማይችለውም በልቡ ቆሟል።

ደግሞም ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 2 እንዳስተማረ ፊት አይተን አናድላ። ባለ ካባውን ሽማግሌ ወደ ፊት አሳልፈን ነጠላዋ ያረጀውን መበለት በደጅ ብንተዋት፥ ያከበርነው ካባውን ነው እንጂ ሽበቱን አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ቁጥር 32 ለሽበት መነሣትን ሲያዝዝ የድኻውን ከባለጸጋው አልለየም።

ዳዊትም በመዝሙር 70 በእርጅናው ወራት እንዳይጣል፥ ጕልበቱም ባለቀ ጊዜ እንዳይተው ፈጣሪውን ለምኗል። ይህን ልመና ዛሬ በየቤቱ ያሉ አረጋውያን ይጸልዩታል፤ እግዚአብሔርም መልሱን በእኛ እጅ አኑሮታል። እኛም ዕድሜ ቢሰጠን ነገ በዚያው ደጅ እንቆማለን፤ እንዲቀበሉን የምንወደውን አቀባበል ዛሬ ለልጆቻችን እናሳያቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።